በሳጅኗ የቀናው ልብስ ሰፊ

የእሱን ልብስ ስፌት ቤትና የእኔን ፎቶ ኮፒ ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ የእንጨት ግድግዳ ነው። እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከወዲህ ማዶ "ይማርህ" እላለሁ። እኔ ከእናቴ ጋር በስልክ ስጨቃጨቅ እሱ በማግስቱ "እናትሽ እኮ እውነቷን ነው" ይለኛል። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁ አብዛኛው በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው። የቀረውን የነገረችኝ ሚስቱ ናት።

ሰፈሩ "ጋሽ ዳኛ" ይለዋል። ዳኛ ሆኖ አያውቅም፤ የፍርድ ቤት ደጅም ረግጦ አያውቅም። ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ የሙሽራ ኮት ይሰፋል። ነገር ግን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ አከራይና ተከራይ ሲነታረኩ፣ የአንዱ ልጅ የሌላውን መስኮት ሲሰብር፣ ሰው ሁሉ የሚመጣው ወደ እሱ ነበር። ለደንበኛ መጠበቂያ ባስቀመጣት አግዳሚ ወንበር ላይ ከሳሽና ተከሳሽ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እሱ የስፌት መኪናውን ፔዳል እየረገጠ ይሰማል። ሁለቱም ሲጨርሱ ክሩን በጥርሱ በጠስ ያደርግና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "እንግዲህ..." ይላል። ያቺ "እንግዲህ" ስትወጣ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ጆሮውን ይጥላል።

ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ይሄ ነገር ከልክ በላይ ይጥመው ነበር። ሲያልፍ ሰው ብድግ ሲልለት ደስታው እንዳይታወቅበት አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር ያስተካክላል። ሚስቱ "ሜትሩን ነካ ነካ ካደረገ ደስ ብሎታል ማለት ነው" ትለኝ ነበር።

የእሱ ወንበር እንዲህ የተከበረው በሌላ ምክንያትም ነው። በእኛ መንገድ ወደ ፖሊስ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ብቅ ካለ ጨዋታ ይቆማል። ጎዳና ላይ የሚሸጠው ሸቀጡን በላስቲክ ጠቅልሎ ይሰወራል። ምንም ያላጠፋው እንኳ መታወቂያው መኖሩን ለማረጋገጥ ኪሱን ይዳብሳል። አንዲት ልብስ አጣቢ ጎረቤታችን የውሃ በርሜሏ ተሰርቆባት ለምን ጣቢያ አትሄጂም ስንላት "ሌባው የወሰደው በርሜሌን ነው፤ ጣቢያ ከሄድኩ ቀኔንም ይወስዱብኛል" አለችን። ሳቅን። ያልሳቀ፣ ያላመነም አልነበረም።

ታዲያ በዚህ መሀል ነው ሳጅኗ የመጣችው። ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ የቆርቆሮ ቤት አቆሙና አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና እሷን አስቀመጡ። አጠር ያለች፣ ድምጿ ለስለስ ያለ ልጅ ናት። "የሰፈር ፖሊስ ነኝ" ብላ እየዞረች ራሷን አስተዋወቀች። ሰዉም "እሺ፣ እንኳን ደህና መጣሽ" እያለ በሩን ገርበብ አደረገባት። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች በፊቷ ላለማለፍ በጀርባ በኩል መዞር ጀመሩ።

ጋሽ ዳኛ በእነዚያ ቀናት ደስታው ልክ አልነበረውም። "መንግሥት ደጃችን ድረስ መጥቶልናል፤ እንግዲህ የምንተነፍሰውንም አስፈቅደን ነው" ይላል፤ ሰው ይስቃል። ሳጅኗ ብቻዋን ተቀምጣ መንገዱን ስታይ እያየ "ምስኪን፣ ማን ያናግራታል" ይል ነበር። ማንም እንዳላናገራት እርግጠኛ ሲሆን ማዘን ቀላል ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሳጅኗ የዩኒፎርሟን ኮት ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ወደ እሱ ገባች።

"ጋሼ፣ ይሄ ኮት ለወንድ የተሰፋ ነው። ትከሻው ወርዶብኛል፣ ወገቡም ጆንያ ነው። ታስተካክልልኛለህ?"

ሌላ ቀን ተመለሺ ሊላት ይችል ነበር። ነገር ግን አትክልት ሻጯና ጎማ ጠጋኙ እየተነታረኩ ወደ እሱ ሲመጡ በበሩ አይቷቸው ነበር። ችሎቱን እንድታይለት ፈለገ። "ትንሽ ከጠበቅሽ አሁኑኑ እሠራልሻለሁ። ተቀመጪ" አላት።

ሁለቱ ዩኒፎርሙን ሲያዩ በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ሳጅኗ "እኔ ኮቴን የምጠብቅ ደንበኛ ነኝ፤ ተጫወቱ" አለቻቸውና ጥጉን ያዘች። ጠባቸው የቆየ ነው። ጎማ ጠጋኙ የሚደፋው ጥቁር ውሃ ተመልሶ አትክልት ሻጯ ደጅ ላይ ይተኛል፤ እሷ ትሰድበዋለች፤ እሱ ይመልሳል፤ ጋሽ ዳኛ ያስታርቃቸዋል። ደጋግሞ አስታርቋቸዋል። የዚያን ቀንም ክሩን በጠሰ፣ መነጽሩን ሰቀለ።

"እንግዲህ..." ከማለቱ ሳጅኗ ከጥጓ "ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?" አለች። "ውሃው ድሮ የሚወርድበት ቱቦ የት ነው የሚደርሰው?"

ሦስቱም ተያዩ። ማንም አያውቅም።

"እስቲ አሳዩኝ" ብላ ብድግ አለች።

እነሱ ተከተሏት። በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ የነበረውም ተከተላት። እኔም ማሽኔን አጥፍቼ ወጣሁ። ጋሽ ዳኛ ኮቷን መርፌው ስር እንደያዘ የብዙ ሰው ጀርባ እያየ ቀረ። ሳጅኗ እጅጌዋን ጠቅልላ የቦዩን ክዳን ከጎማ ጠጋኙ ጋር አነሳች፤ እስከ ታች ሄደች፤ ለካስ ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም። ታች ቤት የሚያሠራው ሰውዬ ጠጠሩን ቱቦው አፍ ላይ ከምሮታል። አናገረችው፤ እያጉረመረመ አስነሳው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ዳግመኛ አልተጣሉም። ለመታረቅም አልመጡም።

ኮቷን በማግስቱ ወሰደች። ብብቱን እጅግ አጥብቆባት ኖሮ ተመልሳ መጣች፤ "ጋሼ፣ አለቃዬ ሲመጣ እጄን አንስቼ ሰላምታ መስጠት አቃተኝ እኮ" ብላ ሳቀች። አልሳቀም። ስፌቱን ፈታላት።

ቅናቱ ያኔ ነው የገባው። መጀመሪያ አትክልት ሻጯ ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ሻይ ይዛ ስትሻገር አየ። ቀጥሎ ልብስ አጣቢዋ ገባች። ከዚያ አንድ አከራይ ከነተከራዩ። የስፌት መኪናው ድሮ ከውስጥ ግድግዳው ጋር ነበር የሚቆመው፤ ብርሃን ፈልጌ ነው ብሎ ወደ በሩ አስጠጋው። ብርሃኑን እንኳ አልፈለገውም። ማን እንደገባ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ሲወጣ ፊቱ በርቶ እንደሆነ ያያል። ዓይኑ መንገድ ላይ፣ እጁ ጨርቅ ላይ ሆነና የሰው ሱሪ አንዱ እግር አጥሮ አንዱ ረዝሞ መውጣት ጀመረ። አንድ ደንበኛ ሱሪውን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና "ጋሽ ዳኛ፣ እኔ አንካሳ ነኝ እንዴ?" አለው። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሳቄን በእጄ አፈንኩት።

የሚገርመው ሳጅኗ እሱን ትወደው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ማዶ "ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?" ትለዋለች። እሱ ሰላምታዋን እንደ ስድብ ይሰማው ነበር።

የሚስቱ ታናሽ እህት ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከጉዞ ሲመለስ ይመታታል። ይሄ በሰፈሩ የታወቀ ነገር ነው። በተመታች ቁጥር ጋሽ ዳኛ ሾፌሩን ያስጠራል። ሾፌሩ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ "አዎ መታኋት ጋሽዬ፣ እጄን ይቁረጠው" ይላል፤ ጎንበስ ብሎ የጋሽ ዳኛን ጉልበት ይስማል፤ ሁለተኛ አይለምደኝም ይላል። ከዚያ ሚስቱን ይዟት ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ጋሽ ዳኛ ሾፌሩን ይወደው ነበር። እንደ እሱ አድርጎ ጉልበቱን የሚስምለት አልነበረማ።

አንድ ጠዋት ጎማ ጠጋኙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለና "ጋሽ ዳኛ፣ የሚስትህ እህት ሳጅኗ ጋ ናት፤ ሚስትህም አብራት ገብታለች" አለው። የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

ሚስቱ እኩለ ቀን ላይ ምሳውን ይዛ መጣች። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ ሰው አልነበረም፤ ሁሉንም ሰማሁ።

"እኔ እያለሁ?" አላት።

"አንተ እያለህ።"

"የቤታችንን ገበና ለፖሊስ?"

"ገበናው ፊቷ ላይ ነው ያለው። አብጦ ለመንገደኛ ሁሉ ይታያል።"

"ብትነግሩኝ አስጠራው አልነበረም ወይ?"

"ታስጠራው ነበር። ይመጣ ነበር። ጉልበትህን ይስም ነበር። ከዚያስ?"

የስፌት መኪናውን ሲረግጠው ሰማሁ። ጨርቅ ሳይገባበት የሚሄድ የስፌት መኪና ድምፁ ይለያል።

የዚያን ዕለት ማታ እራት ላይ ግን ቀስ ብሎ መጠየቅ ጀመረ አለችኝ ሚስቱ። ሳጅኗ ምን አለቻት? ፊቷን ስታይ ደነገጠች? አንድ ላይ አስቀመጠቻችሁ ወይስ ለየብቻ? እህትሽ አለቀሰች? እኔ ጋ አልቅሳ አታውቅም እኮ። "ሌላ ሴት የወደደ ባል ይመስል ስለ ሳጅኗ መረመረኝ" አለችና ራሷ በነገሯ ሳቀች። "አይ፣ ተሳሳትኩ፤ ሚስቱ የከዳችው ባል ነው የሚመስለው።"

ሳጅኗ ሾፌሩን አሰረችው። ከሾፌሩ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቶች ጩኸቱን እንደሰሙ ሊመሰክሩ ቃል ገቡላት።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ዳኛ ለአትክልት ሻጯ የቀሚስ ጫፍ እየዘመዘመላት ነበር። ቀና ሳይል "ለመሆኑ" አላት፣ "ይቺ ልጅ ይሄን ሁሉ ጉዳችንን ሰምታ የት ነው የምታደርሰው?"

"የት ታደርሰዋለች?"

"እኔ ምን አውቄ። ጠየቅሁ እንጂ።"

ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም። በሌላ ሰፈር ምናልባት ጥያቄ ሆኖ ይቀር ነበር፤ በእኛ መንገድ ግን ሰው ሲጠብቀው የኖረው ይሄንኑ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ሳጅኗ የእያንዳንዱን ቤት ወሬ ለበላዮቿ እንደምታቀብል፣ ደጅ ላይ የሚሸጡትን ልታስነሳ እንደሆነ፣ ማን መንግሥትን እንዳማ እንደምትመዘግብ ተወራ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደ ጋሽ ዳኛ ሲመለስ እጅና እግር አውጥቶ ነበር። አንድ ደንበኛ "ሰምተሃል ጋሽ ዳኛ?" ብሎ ሲነግረው ራሱን እየነቀነቀ "አይ ጊዜ" አለ። በልቡም ግማሹን አመነው መሰለኝ።

ሴቶቹ እንደገና በጀርባ በኩል መዞር ጀመሩ። ሊመሰክሩ የነበሩት ጎረቤቶች "እኛ ሬዲዮ ከፍተን ነበር፤ ምንም አልሰማንም" አሉ። ሳጅኗ በየደጁ እየዞረች ብታንኳኳ የሚከፍትላት ጠፋ። በመጨረሻ መንገዱን ተሻግራ ስፌት ቤቱ ገባች።

"ጋሼ፣ ሰው አንተን ይሰማል። አንድ ቃል ብትነግራቸው ይመጣሉ። ካልመጡ ሰውየው ይለቀቃል።"

እንደዚያ ብላ ስትለምነው ምን እንደተሰማው እግዜር ይወቅ። ሚስቱ እንደምትለው ከሆነ፣ ሳጅኗ ከመጣች ጀምሮ የተመኘው ይቺን ቀን ነበር።

"ሰዉ በፖሊስ ነገር መግባት አይወድም" አላት። "እኔ ምን ላድርግ?"

ቆም ብላ አየችው። "እሺ ጋሼ" ብላ ወጣች።

ሾፌሩ ተለቀቀ። ሳጅኗም ሰፈሩ አልተቀበላትም ተባለና ተዛወረች። የቆርቆሮዋ ቤት በር ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። አግዳሚ ወንበሯ እንደ ድሮው ሞላች፤ "እንግዲህ" ተመለሰች፤ የሱሪ እግሮች እኩል መውጣት ጀመሩ። ጋሽ ዳኛ ስፌት መኪናውን ግን ወደ ቦታው አልመለሰውም። ባዶዋን ቆርቆሮ ቤት ያያል። ሰው ደግሞ ክፉ ልማድ አለው፤ ሳጅኗ ከሄደች በኋላ ይናፍቃት ጀመር። "ያቺ ልጅ ብትኖር ይሄን ቱቦ..." ሲሉ ጋሽ ዳኛ ይሰማና መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርገዋል።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ሚስቱን ይዞ መጣ። ክንዷ በፋሻ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቅዳሜ ስለነበር የጋሽ ዳኛ ሚስትም ስፌት ቤቱ ውስጥ ቁልፍ እየተከለች ነበር፤ እህቷን ስታይ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሳች።

"ጋሽዬ" አለ ሾፌሩ እየተቀመጠ፣ "ያቺ ፖሊስ ትዳሬን ልታፈርስ ነበር። እኔ ለመንግሥት አልንበረከክም፤ ለአንተ ግን እንበረከካለሁ። አባታችን ነህ።" ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል ጋሽ ዳኛ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሰበሰበ።

"አንቺስ?" አላት የሾፌሩን ሚስት። "አንቺ ምን ትያለሽ?"

ከዚያ በፊት እሷን አስቀድሞ ጠይቋት አያውቅም። ሴትየዋ እሱን አላየችም። ዓይኗ በበሩ በኩል አልፎ የተዘጋው ቆርቆሮ ቤት ላይ ነበር።

"እኔ የምለውን ያልኩት እዚያ ነው" አለች።

ሾፌሩ ሳቀ። "ተዘግቷል እኮ!"

የጋሽ ዳኛ ሚስት ያኔ የባሌን ፊት አየሁት ትላለች። መጀመሪያ እንደተቆጣ፣ ቀጥሎ እንደታመመ ሰው ሆነ። አሁንም፣ ሳጅኗ እንኳ ሄዳ፣ ይቺ ልጅ እዚያ ባዶ ቤት ላይ ነው ተስፋዋን የጣለችው። ቀና። ግን ክንዷንም አየ። ሜትሩን ከአንገቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና "ተነሺ" አላት።

"ወዴት?" አለ ሾፌሩ።

"ዋናው ጣቢያ።"

"አንተ? ጣቢያ?"

"እኔ።"

የጋሽ ዳኛ ሚስት ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ተከተለቻቸው። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ቀጥሎ በሌላ አቅጣጫ ሄደ።

ጣቢያው ውስጥ ጋሽ ዳኛ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው። ሰፈር ሙሉ ብድግ የሚልለት ሰው እዚያ ቀና ብሎ የሚያየው እንኳ አጣ። ግድግዳውን ተደግፈው ብዙ ቆሙ። ጠረጴዛ ላይ የነበረው ፖሊስ በመጨረሻ "አንተ ምንድነህ፣ ተከሳሽ ነህ?" አለው።

"አይደለሁም። ምስክር ነኝ" አለ። ድምፁ ቀጠነ አለችኝ ሚስቱ።

"ያየኸው ነገር አለ?"

አለ እንጂ። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ እሱን የሚያህል ምስክር አልነበረም። ሾፌሩ በገዛ አፉ "አዎ መታኋት" ሲል የሰማው፣ ያበጠ ፊቷን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ያየው፣ እሱ ነው። አንዱን ተናግሮ ሌላው ሲመጣበት፣ ሌላውን ሲጨርስ ሌላ ሲያስታውስ መሽቶ ነበር። ፖሊሱ መጻፉን አቁሞ "ይሄን ሁሉ እያወቅክ ወደ ቤቷ ትመልሳት ነበር?" አለው። ጋሽ ዳኛ ኮፍያውን በእጁ ያዞር ጀመር።

እሱ መመስከሩ ሲሰማ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቶችም ሬዲዮው ዝግ እንደነበር ትዝ አላቸው። ሾፌሩ ተፈረደበት። የጋሽ ዳኛ ሚስት እህት ዳቦ ቤቱ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች።

ጋሽ ዳኛ ወሬውን ሊመልሰው ሞክሯል። አትክልት ሻጯን ጠርቶ "ያንን የሳጅኗን ነገር የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው" አላት። "ኧረ አንተማ የጠየቅከው ብቻ ነው" አለችው። "እኔ የሰማሁት በዓይኗ ካየች ሴት ነው።" ለሌላም ሰው ነገረ፤ ሌላውም እንዲሁ አለው። ዋናው ጣቢያ ሄዶም ተናገረ፤ "ዝውውር አንዴ ከወጣ ወጣ" ብለው መለሱት።

አሁን ቆርቆሮ ቤቱ ተከፍቷል። ሌላ ፖሊስ አለ፤ ከወንበሩ ብዙም አይነሳም። ሰዉም እንደ ድሮው ኪሱን ይዳብሳል። ጋሽ ዳኛ አሁንም ያስታርቃል፤ ቱቦ ከሆነ ተነስቶ ቱቦውን ያያል። የተመታች ሴት ከመጣች ግን መኪናውን ትቶ "ይሄ የእኔ አይደለም፤ ነይ አብሬሽ ልሂድ" ይላል። ሰዎች ሲያዩ "ያቺ ሳጅን ናት ይሄን ያስለመደችን" ይላሉ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

ባለፈው እሁድ የሚስቱ እህት ትኩስ ዳቦ በላስቲክ ይዛ ሳጅኗን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ የመጋዘን በር ትጠብቃለች አሉ። ሰኞ ጠዋት እህትየዋ በስፌት ቤቱ ስታልፍ ጋሽ ዳኛ ጠራት።

"እንዴት ናት?"

"ደህና ናት። አቀፈችኝ። ክንዴን አየችልኝ፤ ስለ ሥራዬም ጠየቀችኝ።"

"እኔ መመስከሬን ነገርሻት?"

"ነገርኳት።"

"እና... ስለ እኔ ጠየቀች?"

"አልጠየቀችም" አለችና ሥራ ረፈደብኝ ብላ ሄደች።

ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ፔዳሉን ሲረግጠው ሰማሁ።